ሃማኒ ጥቁሯን መኪና ያጠበ ቀን

የዚያን ቀን ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ ትፋጅ ነበር። ሚያዝያ በከተማችን በኒያሜ ሁልጊዜም ክፉ ወር ነው፤ ያን ዓመት ግን ሌሊቱም አልበርድ ብሎ ሰው ፍራሹን ግቢ እያወጣ ውሃ አርከፍክፎበት ነበር የሚተኛው። ንፋስ የሚባል ነገር የለም። ሰማዩ አመድ የተበጠበጠበት ውሃ መስሏል። ወንዙ ከመጉደሉ የተነሳ መሐሉ ላይ አሸዋው ወጥቶ ላሞች በእግራቸው ይሻገሩበት ነበር። ከንጋት ሶላት በኋላ የገዛሁት በረዶ፣ በጆንያና በሰጋቱራ ጠቅልዬው እንኳ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ውሃ ሆነ። የመኪና አጣቢው የሳሌይ ሬዲዮ ሙቀቱ አርባ ስድስት ይደርሳል አለ። ሳሌይ ሬዲዮውን ዘጋና "ይኼ ደግሞ ሰው ማስፈራራት ይወዳል" አለ።

ላቫጆው ጋምካሌ ከሚባለው ሰፈር በታች፣ ወንዙ ዳር ነው። ላቫጆ ስላችሁ ግንብና ጣሪያ ያለው እንዳይመስላችሁ። አሸዋ ነው፤ በአሸዋው ላይ ጥቂት በርሜሎችና፣ ያኔ፣ ስድስት አጣቢዎች። ሳሌይ ከስድስቱ አንዱ ነው። እኔ እዚያ ዶኑ እሸጣለሁ፤ የማሽላ ሊጥ ቀቅዬ አድቦለብልና በእርጎ በጥብጬ በቅል አቀርባለሁ። በላስቲክ የታሰረ ቀዝቃዛ ውሃም አለኝ። እዚያ መሸጥ ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ወደዚያ ያመጣኝ ሃማኒ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ሃማኒ የአክስቴ ልጅ ነው። እናቱ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። በእኛ በዛርማዎች ዘንድ የእህት ልጅና የወንድም ልጅ ሲገናኙ ሰላምታቸው ስድብ ነው። እሱ እኔን "ገረዴ" ይለኛል፣ እኔ እሱን "አሽከሬ" እለዋለሁ። መሳቅ እንጂ መቆጣት አይፈቀድም፤ የተቆጣ ሰው ዝምድናውን አፈረሰ ይባላል። ከመካከላችን አንዱ ሲሞት እንኳ ሌላው የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይተኛና "ድርሻዬን ካልሰጣችሁኝ አልነሳም" ይላል። ለቀስተኛው እያለቀሰ ይስቃል። እንደዚያ ነው ያደግነው።

ሃማኒ ታዲያ መሞት ይወድ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ መጥቶ ድስቶቼ አጠገብ በጀርባው ይዘረጋል፣ ጨርቅ ፊቱ ላይ ይጥላል። ሳሌይና ሌሎቹ ተሰልፈው እጃቸውን አንስተው ዱዓ ያደርጉለታል። "ቢባታ፣ አሽከርሽ ሞተ። አንድ ቅል ዶኑ ካልሰጠሽ አይቀበርም" ይሉኛል። እኔ ደግሞ የዕቃ እጣቢውን አንስቼ እደፋበታለሁ፤ እሱ እየጮኸ ይነሳል። መኪናቸውን ሊያሳጥቡ የመጡ ሰዎች በሳቅ ይፈርሳሉ። ስንት ጊዜ እንደሞተ አላውቅም።

ከቡቦን ወደ ከተማ የመጣው ማሽላው በቆመበት በደረቀበት ዓመት ነው። ቡቦን ከወንዙ ላይ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ነው፤ እናቱ እዚያ ሸክላ ይሠራሉ። መጀመሪያ በአህያ ጋሪ አሸዋ አመላለሰ። አህያዋ ስትሞትበት ባልዲ ያዘና መኪና አጣቢ ሆነ።

ሌሎቹ ባልዲያቸውን ወንዙ ውስጥ ነክረው በቀጥታ መኪናው ላይ ይደፉታል። እሱ ግን ውሃውን ከዋዜማው ቀድቶ እናቱ በላኩለት ሦስት ትላልቅ ጋኖች ያሳድረዋል፣ ደለሉ እስኪዘቅጥ። ጠዋት ከላይ ከላዩን በነጠላ ጨርቅ ያጠለዋል። "በዚህ የወንዝ ውሃ ሳያጠልሉ መኪና ማጠብ የሰው ፊት በአሸዋ ማሸት ነው" ይል ነበር። ኮፈኑን በእጁ ጀርባ ይነካዋል፤ ከጋለ ውሃ አይደፋበትም፣ መጀመሪያ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ያበርደዋል። ከጣሪያው ይጀምራል፣ ቸርኬው መጨረሻ ነው። በሙቀት ወራት ሳሙናውን መላው መኪና ላይ አይቀባም። አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ያጥባል፣ ያለቀልቃል፣ ያደርቃል፤ ከዚያ ሌላ አንድ ክንድ። ሳሙና ፀሐይ ላይ ከደረቀ ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ ያንን ነጥብ ለማስለቀቅ ቀለሙን መፈተግ ነው፤ የተፈተገ ቀለም ደግሞ አይመለስም። መሬት የወደቀ ጨርቅ በእሱ እጅ ሁለተኛ መኪና አይነካም።

"ለሚስትህ ይኼን ያህል ብትጠነቀቅ የት በደረስክ" እለው ነበር።

"ሚስቴ ፀሐይ ላይ አትቆምማ። ፀሐይ ላይ የምትቆመው ገረዴ ናት።"

መቼስ ፀሐይ ላይ ያልቆመ አልነበረም። ድሮ ላቫጆው ላይ ሁለት ትላልቅ የኒም ዛፎች ነበሩ። መኪና ከሥራቸው ይቆማል፣ ሰው ከሥራቸው ይተኛል፣ ይሰግዳል። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና አንድ ቀን ሰዎች መጋዝ ይዘው መጥተው ቆረጧቸው። መንገዱ እስከ ዛሬ አልሰፋም። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥላ የእኔ ሸራ ብቻ ነው፤ እሱም ለድስቶቼና ለሁለት ሰው እንጂ አይበቃም።

ዛፎቹ ከተቆረጡ በኋላ በመጣው የሙቀት ወር ሃማኒ ማታ ማታ ያስመልሰው ጀመር። ራሱን ያመዋል፣ ባቱ ይኮማተርና ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል ብላ ሚስቱ ሐዲዛ ነገረችኝ። በግድ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ "ሰውነትህ ፀሐይ ጠግቧል፤ ከዚህ በኋላ አይችልም። ሥራ ቀይር" አለችው።

ከዚያ ወጥተን ስንሄድ ሳቀ። "ሥራ ቀይር አለችኝ። ሸሚዝ ቀይር እንደሚባለው።"

ነገሩ ግን ልቡ ውስጥ ገብቷል። በሳምንቱ መጥቶ ሸራው ሥር ቁጢጥ አለና "ሹፌር እሆናለሁ" አለኝ። "ሹፌር ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ሲሞቀው ቀዝቃዛ አየር ይከፍታል። እኔ መኪናን ከውጭ ስንት ዓመት አውቄው፣ ከውስጥ ባውቀው ምን አለበት?"

ለመንጃ ፈቃድ ፈተናው የሚጠናው መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ነው። እሱ ጭራሹን አልተማረም። እኔ አባቴ ሲሞት ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፤ ፊደሉን አነባለሁ፣ የሚለው ግን ግማሹ አይገባኝም። ቢሆንም ደንበኛ ሲጠፋ ምልክቶቹን በእንጨት አሸዋ ላይ እየሣልኩ እጠይቀዋለሁ።

"ይኼ ምንድነው?"

"ቁም።"

"ይኼስ?"

"እንስሳት ያልፋሉ።"

"ልክ ነው፤ ዘመዶችህን አወቅክ።"

ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ በሦስተኛው አለፈ። የመንጃ ፈቃዱ ፎቶ ላይ እንደ ተቀጣ ተማሪ ዓይኑን አፍጥጦ ነው። በዚያ መንጃ ፈቃድ ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ዞረ። ሹፌርነት በሰው በሰው ነው፤ እሱን የሚያውቁት ደግሞ በባልዲው ነው። "አንተማ አጣቢያችን ነህ" ይሉታል፤ ደግ መናገራቸው ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሁለት የሙቀት ወራት አለፉበት። ከሁለተኛው በኋላ ሰውነቱ እንደ ከሰል ሆነ፣ ጉንጩ ገባ። አንድ ቀን ማንም ሳይሰማን "ቢባታ፣ የሚመጣውን ሚያዝያ እዚህ አልውልም። ከዋልኩ የምወጣ አይመስለኝም" አለኝ። አልሰደበኝም። ሳይሰድበኝ ሲያወራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ያ ሚያዝያ ነው እንግዲህ የመጣው።

ሐጂ ሙንካይላ ሁለት ሰዓት ላይ ራሳቸው እየነዱ መጡ። የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ መኪናቸው ጥቁር፣ ትልቅ፣ እንኳን ሰው ዝንብም ቢያርፍባት የሚታይባት ናት። መስኮቱን በጥቂቱ ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

"ሃማኒ የሚባለው የትኛው ነው?"

"እኔ ነኝ፣ ሐጂ።"

"መንጃ ፈቃድ አለህ አሉኝ።"

"አለኝ።" ከኪሱ ሊያወጣ ሲል በእጃቸው አስቆሙት።

"ሹፌሬ ዓይኑ ደክሟል፤ አገሩ ሊገባ ነው። እኔ ነገ ከዶሶ አማቾች ይመጡብኛል። እስከ አሥር ሰዓት ሶላት ድረስ ውስጧም ውጭዋም እንደ አዲስ ትሁንልኝ። መኪና አያያዝህን ልየው። ደስ ካለኝ ቁልፉ አንተው ጋ ይቀራል።"

ሃማኒ እጁን በሸሚዙ ጠረገ። ሐጂ ወርደው ቁልፉን ሰጡት።

"ውስጡን ስትሠራ በሩንም መስኮቱንም ዝጋ። ባለፈው ያጠባት ሰውዬ ወንበሬን በረሃ አድርጎ ነው የመለሰልኝ። ሞተር ደግሞ አታስነሳ፤ ነዳጁን አውቀዋለሁ።"

"እሺ፣ ሐጂ።"

በታክሲ ሄዱ። ሃማኒ ቁልፉን በመዳፉ እያመዛዘነ ወደ እኔ መጣ።

"ሰማሽ ገረዴ? ከነገ ጀምሮ በመስኮት እጄን አወዛውዝልሻለሁ።"

"መሪውን ያዝ፤ እጅህን ስታወዛውዝ ዛፍ እንዳትመታ።"

"ዛፍ የት አለና?" አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ጣሪያውን አበረደው፣ አጠበው፣ አደረቀው። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። ኮፈኑ ላይ ሲደርስ አራት ሰዓት አልፏል። እርጥብ ጨርቅ ያለብሰዋል፤ ጨርቁ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ይደርቃል። ሳሙናው ከስፖንጁ እንደወረደ ይጋገራል። የአንድ ክንዱን ቦታ ወደ አንድ ስንዝር አወረደው፤ ያም አልሆነ። ፈቀቅ ብሎ ሲመለከት ኮፈኑ ላይ ነጭ ነጥብ እንደ ኩፍኝ ፈልቷል። እንደገና ጀመረ። ሳሌይ ሁለት ታክሲ አጥቦ ከሸራዬ ጥግ ተቀምጦ ያየዋል።

"እስኪበርድ ብትተወው ምናለ?"

"እስኪበርድ እሳቸው ይመጣሉ።"

"እንግዲያው ውስጡን ጀምርና ውጭውን ኋላ ሥራው።"

"ውስጡን ከሠራሁ በኋላ ውጭውን ሳጥብ በበሩ ውሃ ይገባል። እንዴት ነው የምትሠራው አንተ?"

"እኔማ እንደ ሰው ነው የምሠራው" አለ ሳሌይ።

ሃማኒ ወደ እኔ መጥቶ በረዶ ለመነኝ። አንድ ቁራጭ።

"ለሰው የማይበቃ በረዶ ለኮፈን?"

"አማቾች ናቸው የሚመጡት፤ ገረድ ይኼ አይገባትም።"

ሰጠሁት። በጨርቅ ጠቅልሎ ኮፈኑ ላይ አንከባለለው፤ ሠራለት፤ ነጥቡ ጠፋ። ሁለት ላስቲክ ውሃም ሰጠሁት፣ እንዲጠጣው። አንዱን ኮፈኑ ላይ ሲያፈሰው አየሁ። ሌላውንም አፈሰሰው። "ጠጣ እንጂ!" ስለው "ስጨርስ" አለኝ። ዶኑም አቀረብኩለት፤ "ስጨርስ።" የዚያን ቀን ስጨርስ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት።

ሰባት ሰዓት ላይ የውጭው አለቀ። እውነት ለመናገር እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ሳሌይ ተነስቶ በሩ ላይ ራሱን አየና ጢሙን አስተካከለ።

ያኔ ነው ንፋሱ የመጣው። ቀዝቃዛ አይደለም፤ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣው ነው፤ አቧራ ይዞ። እኔ ድስቶቼን ከደንኩ። ሃማኒ ብሩሹንና ደረቅ ጨርቆቹን ይዞ መኪናዋ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። መስኮቱ ሁሉ እስከ ላይ ተዘግቷል። ጥቁር መኪና፣ በአናት ፀሐይ። በመስታወቱ ጀርባው ጎንበስ ቀና ሲል ይታየኝ ነበር። ቁልፉ ተሰክቷል። አንዴ ቢያዞረው ቀዝቃዛ አየር ይወጣ ነበር። አላዞረውም። አታስነሳ ተብሏል።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ወጣና በሩን ቶሎ መልሶ ዘጋው። ወደ ሸራው መጣ። ፊቱ ደረቅ ነበር። ጠዋት ሙሉ ላቡ እንደ ቧንቧ ሲወርድ የነበረ ሰው አንዲት ጠብታ የለበትም። እኔ ደህና በረደለት ብዬ አሰብኩ። ላብ የሚቆመው ሰውነት ራሱን ማብረድ ሲያቅተው እንደሆነ የሆስፒታሉ ነርስ የነገረችኝ ኋላ ነው፤ ያኔ ግን ላብ መቆሙ መልካም ነገር መሰለኝ።

"እማ" አለኝ። "እማ፣ የጋኑ ውሃ ጠልሏል?"

ምላሱ ተሳስሯል። እኔ ሳቅኩ።

"እናትህ ብሆንማ ኖሮ ገና ስትወለድ ጋን ውስጥ ከድኜህ ነበር።"

እሱም ሳቀ፤ ወይም ጥርሱ ታየኝ። አንድ ቅል ውሃ ስዘረጋለት እጁ ቅሉን ስቶ አየሩን ያዘ። አሁንም ሳቅን፤ ሳሌይ "ሹፌሩን ተመልከቱ" አለ። ሃማኒ ውሃውን ሳይነካ ዞሮ ተመለሰ። ሲራመድ ወደ ጎን ይሄዳል። የቀረው የኋላ ወንበሩ ብቻ ነበር።

ሁለት ደንበኞች መጥተው ዶኑ ቀዳሁላቸው። እነሱ ሲበሉ የመኪናዋ የኋላ በር ተከፈተ። ሃማኒ እስከ ወገቡ ወጣና በጀርባው አሸዋው ላይ ወደቀ፤ እግሮቹ መኪናው ውስጥ ቀርተዋል።

"ቢባታ፣ አሽከርሽ ሞተ" አለ ሳሌይ ቁጭ ብሎ ሳለ።

"ዛሬስ አልሰጥም" አልኩ። "ዛሬ ሹፌር ሆኗል፤ ሐጂ ይቅበሩት።"

አንዱ አጣቢ ሄዶ ጨርቅ ፊቱ ላይ ጣለለት። ሦስቱ ተሰለፉ። እጃቸውን አነሱ። ዶኑ የሚበሉት ሰዎች ጉዱን ለማየት ዞር አሉ፤ አንደኛው እየሳቀ ትን አለው። እኔ ቅሎቹን አጠብኩ። ቀስ ብዬ ነው ያጠብኳቸው፤ ልቡ እንዲንጠለጠል። ከዚያ እጣቢውን ይዤ ሄድኩና ከእግሩ እስከ ራሱ ደፋሁበት።

አልጮኸም።

"ኧረ ጎበዝ፣ ዛሬስ በርትቷል" አለ ሳሌይ።

ጎንበስ ብዬ ጨርቁን አነሳሁ። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፣ ጥቁሩ የለም። ግንባሩን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። እሱ ኮፈኑን እንዲያ ነበር የሚነካው። ውሃው ከደረቱ ላይ ሲደርቅ አየዋለሁ።

"ሳሌይ፣ የእውነቱን ነው።"

ማንም አልተነቃነቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ የተናገርኩት ቀልድ መስሏቸው ቆሙ። "የእውነቱን ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ ያኔ ሮጡ።

አንስተው ወንዙ ውስጥ አስገቡት። ውሃው ጉልበት እንኳ አይደርስም፣ እሱም ሞቋል። የቀረውን በረዶ ሁሉ ብብቱና አንገቱ ላይ አደረግኩ። አስመለሰው፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፍ ጀመር። መኪናዋ ቆማለች፤ ቁልፉ በውስጧ ነው። ከእኛ መሐል መንዳት የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ሳሌይ መንገድ ወጥቶ ታክሲ ያስቆማል፣ ሾፌሮቹ ጭቃውንና ትውከቱን አይተው ያልፋሉ። አንደኛው እንዲያውም ቆሞ ነበር። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እሱን አልወቅሰውም። ሰው መኪናው ውስጥ ሲሞትበት የሚመጣውን ጣጣ ያውቃል።

ሐጂ ሙንካይላ ከሶላቱ ትንሽ ቀደም ብለው ደረሱ። የኋላ በሩ ክፍት ነው፣ አቧራው ወንበሩ ላይ ገብቷል። መጀመሪያ መኪናቸውን አዩ፣ ከዚያ እኛን። ሃማኒን በአራት ሰው ተሸክመን ከወንዙ እየወጣን ነበር፤ ከሁላችንም ጭቃ ይንጠባጠባል። ሳሌይ "ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ በሩን..." ብሎ ሲጀምር "አስገቡት" አሉ።

"ሐጂ፣ ወንበሩ..."

"አስገቡት አልኩ እኮ።"

ሲያጸዳው በነበረው ወንበር ላይ አጋደምነው፤ ራሱን ጭኔ ላይ ያዝኩት። ሐጂ ሞተሩን አስነሱ፣ ቀዝቃዛውን አየር እስከ መጨረሻው ከፈቱት። እስከ ሆስፒታል ድረስ ይነፍስበት ነበር። እንዲያ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። አጥንቴ ድረስ በረደኝ።

አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ስድስቱን ቀን ሰው አላወቀም። ኩላሊቱ ደክሞ ነበር፣ ያ ተመለሰ። ያልተመለሰው ሌላው ነው። ሐኪሙ እንዳለው ሙቀቱ ጭንቅላቱን ነክቶታል፤ ሰውነቱን የሚያመዛዝንበትን ቦታ። ሲነሳ ይንገዳገዳል፣ ማንኪያ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉን አንድ በአንድ ጎትቶ ነው የሚያወጣው። ሐዲዛ ሐኪሙን "መኪና መንዳትስ?" አለችው። ሐኪሙ ጥያቄው አልገባውም መሰለኝ፤ "ይራመድ መጀመሪያ" አላት።

ሐጂ አንድ ጊዜ ሩዝ አስይዘው መጥተው ጎበኙት። አጠገቡ ቆመው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ በኋላ መኪናዋን በከተማው መንገድ ላይ አይቻታለሁ፤ አንድ ወጣት ሹፌር ይነዳታል። ክፉ ሰው አይደሉም። ሹፌር ያስፈልጋቸው ነበር፣ ቀጠሩ።

አክስቴ ከቡቦን መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ሰልፉን፣ ዱዓውን፣ ቅሎቹን ቀስ ብዬ ማጠቤን። እንዲረግሙኝ ነበር የፈለግሁት። አነሱኝ።

"በዘመድሽ መሳቅ ያንቺ መብት ነው" አሉኝ። "ማን ይቆጣሻል?"

"እርስዎ ይቆጡኛላ።"

"እኔ እንዴት ልቆጣ? ልማዱን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፤ አንቺም አይደለሽም።"

ማንም አልተቆጣኝም። ሳሌይም፣ ሐዲዛም፣ ላቫጆው ላይ ያለው ሁሉ። አይፈቀድምና። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ አለመቆጣታቸው ነው። ቢቆጡኝ ኖሮ መልስ እሰጥ ነበር፤ ፀሐይዋንም፣ ዛፎቹንም፣ ሐጂንም አነሳ ነበር። የሚከሰኝ ሲጠፋ ለራሴ የምከራከርበት ቦታ አጣሁ።

ሃማኒ መውደቁን አያስታውስም። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

"ጨ... ርሼው ነበር?"

የኋላው ወንበር ግማሹ አልተሠራም ነበር። "ጨርሰኸው ነበር" አልኩት። "እንደ አዲስ።" ዓይኑን ጨፈነ። ደስ ያለው መሰለኝ።

ከሆስፒታል ሲወጣ እንደ ወትሮው ሊሰድበኝ ሞከረ። "ገረዴ" ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ከንፈሩ ተጣሞ፣ ምራቁ ወርዶ። ዝም ስለው ፊቱ ጠቆረ፤ ምክንያቱም በእኛ ልማድ ስድብ ያልመለሰ ሰው ዘመዴ አይደለህም ማለቱ ነው። ስለዚህ መለስኩለት። "አንተ አሽከር፣ ምግቤን እየበላህ ትሰድበኛለህ?" አልኩት። ሳቀ። አሁንም በተገናኘን ቁጥር እመልስለታለሁ። ቃሉ ከአፌ ይወጣል እንጂ ሳቁ አብሮት አይወጣም። እሱ ያወቀብኝ አይመስለኝም። ምናልባት አውቆ ይሆናል።

ላቫጆው አሁን አምስት አጣቢ አለው። አንዱ ጥላ ሥር ከተኛ ሌሎቹ ሄደው በእግራቸው ይነካኩታል። የሚተኛው ይበሳጫል፤ ይበሳጭ። ሳሌይ መኪና ውስጥ ሲገባ በሩን ክፍት ያደርገዋል። ደንበኛው ስለ አቧራ ቢያማርር "እንግዲያው ራስህ ግባ" ይለዋል።

ሃማኒ ዛሬ አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ቡቦን እናቱ ቤት ይኖራል። ሐዲዛ ኒያሜ ቀርታ በሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ በየወሩ መጨረሻ ትሄድና ሁለት ቀን አብራው ትቆያለች። ጠዋት አክስቴ ክንዱን ይዘው ደጃፉ ላይ ያስቀምጡታል፤ ለውዝ ይፈለፍላል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ብዙው ይፈስበታል፤ ዶሮዎቹ ይለቅሙታል። ፀሐይ ወደ ደጃፉ ስትዞር መልሰው ቤት ያስገቡትና እስኪመሽ እዚያ ይቆያል። ከየካቲት ጀምሮ እስከ ዝናቡ ድረስ ከቤት አይወጣም።